የናይትሮ መኪና አልነሳ ሲል፣ እውነት ጥፋቱ የማስነሻው ነው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ ውስጥ አንድ ሰው ጋራዡ በር ላይ ዕቃ ዘርግቶ ሲሸጥ አገኘሁና ያገለገለች የናይትሮ ፒክአፕ ገዛሁ። በሪሞት የምትነዳ፣ ጎማዋ የተንቀባረረ፣ ቀለሟ የተላላጠ። "ምንም አልሆነችም፣ ማስነሻዋ ብቻ ነው" አለኝ። አመንኩት። አዲስ ማስነሻ ገጠምኩላትና ገመዱን ሳብኩ። ድንጋይ! እልህ ያዘኝ። ደግሜ ባለ በሌለ ኃይሌ ሳብኩት፤ ገመዱ ተበጥሶ እጄ ላይ ቀረ። ሌላ ገዛሁ። እሱም ሳምንት አልሞላውም።

በመጨረሻ ከሞተሩ አናት ላይ ያለችውን ፕለግ ፈትቼ ሳዞረው ነዳጅ እንደ ምንጭ ፈልቶ ሸሚዜን አራሰው። ለካ ማስነሻው ጤነኛ ነበር። የመጀመሪያውም፣ ሁለተኛውም። ሞተሩ ውስጥ ነዳጅ ሞልቶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ "ማስነሻው ተበላሸብኝ" የሚለኝን ሰው ቶሎ አላምንም። ማስነሻ የሚበላሽበት ጊዜ አለ፣ እሱንም እናያለን። አብዛኛውን ጊዜ ግን ማስነሻው ሌላ ቦታ ያለውን ችግር የሚናገር መልእክተኛ ነው። እኛ ደግሞ መልእክተኛውን እንቀጠቅጣለን።

ናይትሮ የሚባለው ምንድን ነው?

በሪሞት የሚነዱ መኪኖች በሁለት ይከፈላሉ ብንል ብዙም አልተሳሳትንም። አንዱ በባትሪ ይሄዳል። ሌላው እውነተኛ ሞተር አለው፤ ነዳጅ ያቃጥላል፣ ያጨሳል፣ ጎረቤት ይረብሻል። ናይትሮ የሚባለው ይኼኛው ነው።

ነዳጁ ቤንዚን አይደለም። የሦስት ነገሮች ድብልቅ ነው፦ ሜታኖል የተባለ አልኮል፣ ናይትሮሜቴን የተባለ ፈሳሽ እና ዘይት። ስሙን ያገኘው ከናይትሮሜቴን ነው። ለእነዚህ መኪኖች በብዛት የሚሸጠው ነዳጅ ከ20 እስከ 33 በመቶ ናይትሮሜቴን ያለበት ነው። ዘይቱ እዚያው ውስጥ የተደባለቀው ሞተሩ ሌላ ዘይት ስለሌለው ነው። ነዳጅ አነሰው ማለት ዘይትም አነሰው ማለት ነው። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን።

ሌላም የሚያዝ ነገር አለ። አንድ ኪሎ ቤንዚን በደንብ ለመቃጠል 15 ኪሎ ገደማ አየር ይፈልጋል። ሜታኖል 6 ኪሎ ተኩል ያህል ይበቃዋል። ናይትሮሜቴን ደግሞ ከ2 ኪሎ በታች። ገልብጠን ስናየው፣ ለተመሳሳይ አየር የናይትሮ ሞተር ከቤንዚን ሞተር ከእጥፍ በላይ ነዳጅ ይጠጣል። ትንሽ ሞተር፣ ብዙ ፈሳሽ። ሞተሩ በነዳጅ የሚታፈነው ለምን እንደሆነ ከዚህ ይገባችኋል።

ማስነሻው ምን ዓይነት ነው?

የትልቁን መኪና ማስነሻ መካኒኮቻችን ሞተሪኖ ይሉታል። በትንሿም መኪና ሥራው ያው ነው፤ ሞተሩ በራሱ መተንፈስ እስኪጀምር ድረስ ከውጭ ያዞረዋል።

አንዱ ዓይነት እንደ ጄኔሬተር በገመድ የሚሳብ ነው። ሌላው በኤሌክትሪክ ይሠራል። የቴክሳሱ ኩባንያ ትራክሳስ ቲ-ማክስ እና ሬቮ በተባሉት መኪኖቹ ላይ የሚጠቀምበት "ኢዚ ስታርት" የዚህ ዓይነት ነው። መኪናዋ ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር አለች፣ በእጅ የሚያዘው መሣሪያ ባትሪ ይዟል፣ ሰክታችሁ ቁልፉን ትጫናላችሁ። ሦስተኛው ዓይነት መኪናዋ ከላይ የምትቀመጥበት ሳጥን ነው። ከሳጥኑ ብቅ ያለ የላስቲክ ጎማ ከሞተሩ ቮላኖ (ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ክብ ብረት) ጋር ተነካክቶ ያዞረዋል። በብዛት ተወዳዳሪዎች ናቸው የሚይዙት፣ እኛን ብዙ አይመለከተንም።

ከየት ልጀምር?

ከጆሮና ከእጅ። ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት ጎማዎቹ መሬት እንዳይነኩ መኪናዋን ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ሪሞቱን መጀመሪያ፣ መኪናዋን ቀጥሎ አብሩ። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ካርቡሬተሩ (አየርና ነዳጅ የሚያቀላቅለው) ሳታስቡት ሊከፈትና መኪናዋ እንደተነሳች ከእጃችሁ ልታመልጥ ትችላለች። ከዚያ አንድ ጊዜ ለማስነሳት ሞክሩና የሆነውን ልብ በሉ።

የሚሆነው ከሦስት አንዱ ነው። ወይ ሞተሩ ንቅንቅ አይልም። ወይ ማስነሻው ብቻውን ይዞራል፣ ሞተሩ አይከተለውም። ወይ ሞተሩ በደንብ ይዞራል፣ ግን አይነሳም። የሦስቱ መፍትሔ አይገናኝም። እኔ ሁለት ማስነሻ የከሰርኩት ይህን ሳልለይ ስለጀመርኩ ነው።

ሞተሩ ለምን ድንጋይ ይሆናል?

መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ውሰዱ። አየር ሞልታችሁ ቀዳዳውን በጣት ድፈኑና ግፉት። አየር ስለሚታመቅ ትንሽ ይገባላችኋል። አሁን ውኃ ሙሉና ግፉት። አይነቃነቅም። ፈሳሽ አይታመቅምና።

የሞተሩ ሲሊንደርም እንደዚያው ነው። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ አየርና የነዳጅ ብናኝ ማመቅ አለበት። በብናኙ ፋንታ ፈሳሽ ነዳጅ ከተጠራቀመ ግን ፒስተኑ መሄጃ ያጣል። ሞተሩ ደግሞ በጣም ትንሽ ነው። የቲ-ማክስ 3.3 ሞተር 3.3 ሲሲ ነው፣ የሻይ ማንኪያ እንኳን አይሞላም። ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ከላዩ የሚቀረው ክፍተት ጥቂት የነዳጅ ጠብታዎች ብቻ ነው የሚይዘው። እነዚያ ጠብታዎች ናቸው ገመዴን የበጠሱት።

ነዳጁ እዚያ የሚገባው እንዴት ነው? አልነሳ ሲለን ደጋግመን ስለምናዞረው ነው። በዞረ ቁጥር ነዳጅ ይስባል፣ ስላልተቃጠለ እዚያው ይቀራል። ሌላው ምክንያት ነዳጅ ቶሎ እንዲመጣ የማርሚታውን (የጭስ መውጫውን) ጫፍ በጣት መድፈን ነው። ዘዴው ራሱ ትክክል ነው። የማርሚታው ግፊት በቀጭን ቱቦ ወደ ነዳጅ ጋኑ ስለሚሄድ ነዳጁን ይገፋዋል። ግን ነዳጁ በቱቦው ሄዶ ካርቡሬተሩ ጋ ሲደርስ ዓይናችሁ እያየ ነው፤ ያኔውኑ ጣታችሁን አንሱ። "ለመተማመኛ" ብሎ ትንሽ የጨመረ ሰው ሞተሩን ያጥለቀልቀዋል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ግሎው ፕለጉን (ከሞተሩ አናት ላይ ያለችውን) ፍቱ። በኤሌክትሪክ የሚነሳ ከሆነ ወደ ፕለጉ የሚሄደውን ሽቦ ከብረት አርቁ። ቀዳዳው ወደ ታች እንዲያይ መኪናዋን ገልብጡ፣ ጨርቅ ያዙበትና ጥቂት ሰከንድ አዙሩት። ነዳጁ ይተፋል። ፊታችሁን ዘወር አድርጉ፣ መነጽር ካላችሁም አድርጉ፤ ሜታኖል ለዓይን መጥፎ ነው፣ ቢጠጣ ደግሞ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል። አጠገባችሁ እሳት አይኑር። የሜታኖል ነበልባል በቀን ብርሃን እምብዛም አይታይም። እየነደደ ሳታዩት እጃችሁን ልትሰዱበት ትችላላችሁ።

በጉልበት ለማላቀቅ ግን አትሞክሩ። ገመዱ ቢበጠስ ዕድለኛ ናችሁ። ካልተበጠሰ ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ ሊጣመም ይችላል፤ ያ ማለት ሞተሩን መፍታት ወይም መቀየር ነው።

ድንጋይ መሆን ሁልጊዜ ግን ችግር አይደለም። አዲስ ሞተር ሲቀዘቅዝ ጫፍ ላይ ይነክሳል። ሲሊንደሩ የተሠራው ከላይ በጣም በጥቂቱ እንዲጠብ ተደርጎ ነው። ሲሞቅ ይሰፋና ከፒስተኑ ጋር ልክ ይገጣጠማል። ሳይሞቅ ግን ፒስተኑ እዚያ ጠባብ ቦታ ላይ ይሰነቀራል። በፀጉር ማድረቂያ የሞተሩን አናት ጥቂት ደቂቃ አሙቁት፣ ይለቃል። ሁለቱን የምትለዩት እንዲህ ነው፦ ፕለጉን ስትፈቱት ሞተሩ ቀለል ብሎ ከዞረና ነዳጅ ከተፋ ታፍኖ ነበር። ፕለጉ ተፈትቶም ጫፍ ላይ ሲደርስ የሚይዝ ከሆነ ጥበቱ ነው። ለረጅም ጊዜ የተቀመጠ አሮጌ ሞተር ፕለጉ ተፈትቶም አልዞር ካለ ደግሞ ዝገት ወይም የደረቀ ዘይት ጠርጥሩ።

ማስነሻው ይጮኻል፣ ሞተሩ ግን አይዞርም?

አሁን ማስነሻውን ብትወቅሱት አልከራከርም።

በማስነሻውና በሞተሩ መካከል በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚይዝ ኩሽኔታ አለ። ብስክሌት የነዳ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ፔዳሉን ወደ ፊት ስትረግጡ ጎማው ይዞራል። ወደ ኋላ ስታዞሩት ግን ጭክ ጭክ ይላል እንጂ ጎማውን አይነካውም። የማስነሻው ኩሽኔታም እንደዚያ ነው። ማስነሻው ሲዞር ሞተሩን ይይዛል። ሞተሩ ተነስቶ ሲቀድመው ይለቀዋል። ባይለቀው ኖሮ በደቂቃ ከ30,000 ዙር በላይ የሚሽከረከር ሞተር ማስነሻውን ይበታትነው ነበር።

ኩሽኔታው ውስጥ ያሉት ትንንሽ ዘንጎች ሲያልቁ ወይም በተጋገረ ዘይት ሲያዙ መንከስ ያቆማሉ። ገመዱ ያለ ምንም ክብደት ባዶውን ይመጣል፤ ወይም የኤሌክትሪኩ ሞተር ይጮኻል፣ ቮላኖው ግን ቆሞ ያያል። ለማረጋገጥ ማስነሻውን ከሞተሩ ጀርባ ፍቱት። ዘንጉን ኩሽኔታው ውስጥ አስገብታችሁ በጣት አዙሩት። ወደ አንዱ ወገን በነፃነት መዞር፣ ወደ ሌላው ቀጥ ብሎ መያዝ አለበት። ሁለቱንም ወገን ከዞረ በአልኮል እጠቡት፣ አድርቁት፣ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ስጡትና ደግማችሁ ሞክሩ። ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ካልተመለሰ ቀይሩት። ዘንጉንም እዩት። ላዩ ላይ ቦይ ከተቦረቦረ አዲሱ ኩሽኔታም አይይዘውም።

"ክርርር" የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ደግሞ የማስነሻው ጊር ጥርስ ነገር ነው። ከፍታችሁ ስታዩ አንዱ ጥርስ ተበልቶ ታገኙታላችሁ። ጥርስ የሚበላውም አብዛኛውን ጊዜ የታፈነ ሞተር በግድ ሲዞር ነው። ዞሮ ዞሮ እዚያው ነዳጁ ጋ መጣን።

የገመዱ ነገር አጭር ነው። ረጅም አትሳቡ፣ አጭርና ፈጣን ሳቡ። እስከ መጨረሻው የተሳበ ገመድ ወይ ይበጠሳል ወይ የሚመልሰውን ስፕሪንግ ይሰብራል። ስፕሪንጉን ስትፈቱ ተስፈንጥሮ እንዳይወጣባችሁ ተጠንቀቁ። እኔ ከሶፋ ሥር አንድ ሰዓት ፈልጌዋለሁ።

ሞተሩ ይዞራል፣ ለምን አይነሳም?

ትልቁ የቤንዚን መኪና ካንዴላ አለው። ካንዴላ ነዳጁ መንደድ ባለበት ጊዜ ሁሉ ብልጭታ ይሰጣል። ናይትሮ ሞተር ካንዴላ የለውም። በቦታው ግሎው ፕለግ አለ። ውስጡ እንደ ስፕሪንግ የተጠመዘዘ ቀጭን ሽቦ ነው፣ ፕላቲነም ያለበት። ብልጭታ አይሰጥም፤ ይግላል እንጂ።

ሞተሩ ሲነሳ ባትሪ ያግለዋል። ከተነሳ በኋላ ባትሪው ይነቀላል፣ ሽቦው ግን እንደጋለ ይቆያል። እንዴት? የቡና ከሰል አስቡ። አንዴ ከተያያዘ ክብሪት አይፈልግም፤ ስታራግቡት ፍሙ ይደምቃል። ፕላቲነም ደግሞ የሜታኖልን ትነት ሲያገኝ ከአየሩ ጋር ላዩ ላይ እንዲቃጠል ያደርገውና ራሱ ይግላል። በዚያ ላይ በየዙሩ የሚነደው እሳት ሙቀት ይጨምርለታል። ማራገቢያው ነዳጁ ራሱ ነው ማለት ነው። የፕላቲነምን ጠባይ እንግሊዛዊው ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪ በ1817 እ.ኤ.አ. አይቶት ነበር። የጋለ የፕላቲነም ሽቦ በጋዝና በአየር ድብልቅ ውስጥ ሲያስገባው ነበልባል ሳይኖር ፍም መስሎ ቀረ። ለትንንሽ ሞተሮች የሚሆነውን ፕለግ አሜሪካዊው ሬይ አርደን በ1947 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ አወጣው። ከባድ የካንዴላ ባትሪና ጥቅልል ሽቦ ተሸክሞ መብረር ቀረ። ያኔ ነገሩ የሞዴል አውሮፕላን ነበር፤ መኪናው በኋላ የመጣ ነው።

ስለዚህ ሞተሩ እየዞረ ካልተነሳ መጀመሪያ ፕለጉን ፍቱና ከማጋያው (በባትሪ ከሚያግለው መሣሪያ) ጋር አገናኙት። ደማቅ ብርቱካናማ መሆን አለበት። ጭራሽ ካልበራ ተቃጥሏል። ደብዘዝ ካለ ወይም ግማሹ ብቻ ከጋለ ወይ ፕለጉ ደክሟል ወይ ባትሪው። ፕለጉ የሚፈልገው 1.5 ቮልት ገደማ ብቻ ነው። አንድ ጓደኛዬ "ቶሎ እንዲግል" ብሎ ከመኪና ባትሪ ጋር አገናኘው። ቶሎ ጋለ። ከዚያ በኋላ ግን ዳግመኛ አልጋለም።

በእጅ የሚያዘው የኤሌክትሪክ ማስነሻ ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። አንዱ የ7.2 ቮልት ባትሪ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ሞተሩን ያዞራል፣ ፕለጉንም ያግላል። ባትሪው ሲደክም ሁለቱም አብረው ይደክማሉ። ሞተሩ እየተጎተተ ይዞራል፣ ፕለጉም አይግልም። ሰው ማስነሻውን ይጠረጥራል፣ ፕለጉን ይጠረጥራል፣ ነዳጁን ይጠረጥራል። ባትሪውን ቻርጅ ማድረግ መጨረሻ ላይ ነው ትዝ የሚለው። ከማንኛውም ነገር በፊት ቻርጅ አድርጉት። ቁልፉንም ለረጅም ጊዜ አትጫኑ። ሁለት ሦስት ሰከንድ፣ ከዚያ እረፍት። ትንሿ ሞተር ቶሎ ትግላለች።

ፕለጉም ባትሪውም ደህና ከሆኑ ነዳጁን ተከተሉ። ቱቦው ግልጽ ስለሆነ ነዳጁ ሲሄድ ይታያል። አረፋ ካያችሁ አየር የሚገባበት ቀዳዳ አለ። ነዳጁም ያረጃል። ሜታኖል ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ክዳኑ ላልቶ አንድ ክረምት የከረመ ነዳጅ ውኃ የገባበት ነዳጅ ነው። አዲስ ሞክሩ።

ከፍታ ምን አገባው?

ካርቡሬተሩ ላይ ነዳጁን የሚመጥኑ መርፌዎች አሉ። ወደ ውስጥ ሲጠብቁ ነዳጅ ይቀንሳሉ፣ ሲላሉ ይጨምራሉ። ፋብሪካው መነሻ ልክ ይሰጣችኋል። ከፍ ባለ ቦታ ላይ ለሚኖር ሰው ግን ያ ልክ ይበዛል።

ዴንቨር ከባሕር ጠለል 1,600 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው 15 በመቶ ያህል ይሳሳል። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እዚያ ቅነሳው 20 በመቶ ይደርሳል። አየሩ ሲያንስ ነዳጁ ባይጨምርም በዛ ማለት ነው። ሽሮው ያው ሆኖ ውኃው ሲቀንስ እንደሚወፍረው። ታዲያ ቆላ ላይ በመጀመሪያው ሙከራ የምትነሳ መኪና ደጋ ላይ ትታፈናለች፣ ፕለጓ ይረጥባል፣ ባለቤቷም ማስነሻ ይገዛል። የእኔ መኪና ታሪክ በአጭሩ ይኸው ነው።

ማስተካከያው መርፌውን ጥቂት ማጥበቅ ነው። በጥቂቱ፣ ከአንድ ዙር ስምንት እጅ አንዱን ያህል። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ዘይት እዚህ ይመጣል። ነዳጁን አብዝታችሁ ብትቀንሱ ዘይቱም ይቀንሳል፣ ሞተሩ ደርቆ ይቃጠላል። ሲሄድ ከማርሚታው ቀጭን ሰማያዊ ጭስ መታየት አለበት። ጭሱ ከጠፋ ቶሎ መልሱት።

ተነስቶ ወዲያው የሚጠፋውስ?

ማጋያውን ስትነቅሉ የሚጠፋ ከሆነ ፍሙን የሚያቆየው ነገር ጎድሏል። ወይ ፕለጉ አርጅቷል፣ ወይ ነዳጁ በዝቶ ፍሙን ያረጥበዋል፣ ወይ ሚኒሞው (ጋዝ ሳይሰጠው የሚዞርበት ፍጥነት) ዝቅ ብሏል። እኔ መጀመሪያ አዲስ ፕለግ እሞክራለሁ፣ ከሁሉም ርካሹ እሱ ነውና። መለዋወጫ ፕለግ ሳይዝ ሜዳ የሚወጣ ሰው መኪናዋን ተሸክሞ ነው የሚመለሰው።

ስታስቀምጧትስ?

ሞተሩ ውስጥ የቀረ ሜታኖል እርጥበት ይስብና ኩሽኔታውን ያዝጋል፤ ያ የአንድ አቅጣጫ ኩሽኔታም አይቀርለትም። ተጫውታችሁ ስትጨርሱ ጋኑን ባዶ አድርጉ። መስመሩ ውስጥ የቀረው ነዳጅ ተቃጥሎ እስኪያልቅ ሞተሩን አስነሱት። ፕለጉን ፈትታችሁ ለዚሁ ተብሎ የሚሸጠውን ዘይት ጥቂት ጠብታ ጣሉበትና አዙሩት። ቮላኖውን በጣት እያዞራችሁ ፒስተኑን ከዚያ ጠባብ ጫፍ አውርዱትና ታች አቁሙት። ጫፍ ላይ ሞቆ ቆሞ ከቀዘቀዘ ሲሊንደሩ ይጨመቅበታል፣ በሚቀጥለው ቅዳሜም ገመዱ ድንጋይ ሆኖ ይጠብቃችኋል።